የከርሞን ሕመም ዘንድሮ ስለ መምረጥ

የዩናይትድ ስቴትስ የፖስታ አገልግሎት ሠራተኛ ቀና ብሎ የሚተነፍስበት ፋታ የሚያጣባቸው ሳምንታት የትኞቹ እንደሆኑ ለመናገር ጥናት አያስፈልግም፤ ከታንክስጊቪንግ ዋዜማ እስከ ገና ድረስ አገር ምድሩ ዕቃ የሚያዝበትና ስጦታ የሚላላክበት፣ ፖስተኛውም ከመሸ በኋላ በባትሪ መብራት የቤት ቁጥር ሲፈልግ የሚያመሽበት ወቅት ነው። የዚሁ ሠራተኛ የጤና መድን የሚመረጥበት ጊዜ ደግሞ በደንብ ተደንግጎ ከኖቬምበር ሁለተኛው ሙሉ የሥራ ሳምንት ሰኞ እስከ ዲሴምበር ሁለተኛው ሙሉ የሥራ ሳምንት ሰኞ ድረስ እንዲሆን ተደርጓል።

ሠራተኞቹ «ኦፕን ሲዝን» የሚሉት ይህ ወቅት መድን ለመግባት፣ ለመለወጥ ወይም ለመተው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት በር ሲሆን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ፕላን መለወጥ የሚችለው ያገባ፣ የፈታ፣ የወለደ ወይም ይህን የመሰለ የኑሮ ለውጥ የደረሰበት ሰው ብቻ ነው። መድን ለመለወጥ ሲባል ብቻ የሚያገባ አይኖር ይሆናል፤ ሆኖም በዲሴምበር አጋማሽ የማይሆነውን ፕላን መያዙ የገባው ወንደላጤ ሐሳቡ ሽው ሳይልበት አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በሩ የተከፈተው ኖቬምበር 11 ቀን ነበር። ዕለቱ የቀድሞ ወታደሮች የሚታሰቡበት የፌዴራል በዓል በመሆኑ መደበኛ ደብዳቤ አይታደልም፤ ስለዚህም ሠራተኛው አማራጮቹን በጥሞና የሚያነብበት አንድ ሙሉ ቀን አገኘ፣ አብዛኛውም ሳይተኛበት አልቀረም፤ የእግሩን ድካም የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም።

የወቅቱ ምፀት በዚህ አያበቃም። የመድን ድርጅቶች ደንበኛ የሚጠሩት በብዛት በፖስታ በሚልኩት ባለ ቀለም ወረቀት ሲሆን፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የሚቆየው የአረጋውያን የሜዲኬር ምዝገባም በዚያው ሰሞን ስለሚውል፣ ፖስተኛው እስከ 35 ፓውንድ ማለትም ወደ 16 ኪሎ ግራም ድረስ እንዲይዝ በተፈቀደለት የትከሻ ቦርሳ ውስጥ የሰው ሁሉ ጤና ጉዳይ ተጭኖ ይውላል። ለሌላው ሲያድል ውሎ ቤቱ ሲገባ የራሱ ሳጥን በዚያው ዓይነት ወረቀት ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ያንን ያመጣለት የሰፈሩ ፖስተኛም በተራው የራሱ ሳጥን ወደሚጠብቀው ቤቱ ሄዷል።

ምርጫው በትክክል የምን ምርጫ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ቃላትን ማወቅ የግድ ነው። «ፕሪሚየም» የሚባለው ሰው ቢታመምም ባይታመምም በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዙ የሚቆረጥ መዋጮ ሲሆን፣ ከእድር ክፍያ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እድር ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳንና ሰው ይልካል፣ መድን ግን በራሱ ላይ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ተብሎ የተጻፈበት፣ ቁጥሩ ግን የክፍያ መጠየቂያ የሚመስል ደብዳቤ ይልካል። «ዲዳክቲብል» መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በየዓመቱ ከኪሱ የሚያወጣው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። «ኮፔይ» ሐኪም ዘንድ በተሄደ ቁጥር በመስተንግዶው መስኮት የሚከፈል ቁርጥ ሒሳብ ሲሆን፣ «ኮኢንሹራንስ» ደግሞ ቁርጥነቱ ቀርቶ ከጠቅላላው ወጪ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰው ቀድሞ ያውቀዋል፣ የሁለተኛውን መጠን ግን የሚያውቀው ከዳነ በኋላ ነው። በመጨረሻም ታካሚው በዓመት ውስጥ ከኪሱ ሊያወጣ የሚችለውን የሚገድብ ጣሪያ አለ፤ ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ሰውን ከመክሰር የሚያድነው እርሱ ሆኖ ሳለ በብሬክ ሩም፣ ማለትም በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል፣ ወሬ ስሙ እምብዛም ሲነሳ አይሰማም።

እነዚህን ቃላት አለማወቅ የፖስተኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት መድን ያላቸውን አሜሪካውያን ስለ ዲዳክቲብል፣ ስለ ኮፔይ፣ ስለ ኮኢንሹራንስና ስለ ጣሪያው በምርጫ ጥያቄ ሲፈትናቸው አራቱንም በትክክል የመለሱት 14 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ቀሪዎቹ 86 በመቶም ቢሆኑ መድን ነበራቸው፣ በየዓመቱም እንዲመርጡ ይጠየቁ ነበር።

በሂሳቡ በኩል ያለው ነገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ለፌዴራል ሠራተኞች በሕግ በተቀመጠው ቀመር መሠረት አሠሪው የሚከፍለው የፕላኖቹ ሁሉ አማካይ ፕሪሚየም ተሰልቶ የእርሱን 72 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ድርሻ ከየትኛውም ፕላን ዋጋ ከ75 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። በዚህም የተነሣ ርካሽ ፕላን የያዘ ሠራተኛ ፕሪሚየሙ በአንድ ዶላር ሲጨምር ከኪሱ የሚወጣው 25 ሳንቲም ብቻ ሲሆን፣ ውድ ፕላን የያዘው ግን የአሠሪው ድርሻ ጣሪያውን ስለ ነካ ጭማሪውን ዶላር ሙሉ በሙሉ ብቻውን ይሸከማል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው «ዘንድሮ ጨመረ» ብለው ሲማረሩ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው የቤተሰቡ ስሌት ነው። ምዝገባው ለራስ ብቻ፣ ለራስና ለአንድ ሰው፣ ወይም ለራስና ለመላው ቤተሰብ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ሲሆን፣ መካከለኛው በ2016 የተጨመረው ልጅ የሌላቸው ወይም ልጆቻቸው 26 ዓመት ሞልቷቸው ከመድኑ የወጡላቸው ባልና ሚስት የብዙ ልጆች ቤተሰብ ዋጋ ለምን ይክፈሉ በሚል ቅን ሐሳብ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ፕላኖች የሁለቱ ሰዎች መዋጮ ከመላው ቤተሰብ መዋጮ በልጦ ይገኛል። የዚህ ምክንያቱ ሁለት ብቻቸውን የቀሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውና ከአንድ ቤት ሙሉ ጎረምሳ ይልቅ ሐኪም የሚያዘወትሩ መሆናቸው ነው። ሁለት ሆነው የቤተሰቡን መመዝገብ አይከለከልም፤ ይህን ያወቁ ባልና ሚስት የሌሉ ልጆችን ጨምረው የተመዘገቡ ያህል እየሆኑ ገንዘብ ይቆጥባሉ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ፖስተኛው እዚህ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ማየት ይገባል። የፌዴራል ሠራተኞች የጤና መድን በ1959 በወጣ ሕግ ተመሥርቶ በ1960 ሥራ ሲጀምር የፖስታ ሠራተኞችም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በዚያው ሥር ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበሮቻቸውም የየራሳቸውን ፕላን ያቆሙ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የፖስታ ጭነት ሠራተኞች ማኅበር ፕላን ለማንኛውም የፌዴራል ሠራተኛ ክፍት ስለ ነበር፣ በዕድሜ ዘመኑ የደብዳቤ ጆንያ ነክቶ የማያውቅ የዋሽንግተን ቢሮክራት ሁሉ የማኅበሩ ተባባሪ አባል ሆኖ ተመዘገበበት።

ከዚያ የ2006 ሕግ መጣ። ሕጉ የፖስታ አገልግሎቱ ገና ጡረታ ላልወጡ ሠራተኞቹ ከጡረታ በኋላ የሚያስፈልጋቸውን የጤና መድን ወጪ አስቀድሞ እንዲያጠራቅም፣ ለዚህም በዓመት ወደ 5.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲያስቀምጥ አዘዘ። በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ላይ ያልተጣለ ይህ ግዴታ የደብዳቤ ቁጥር እየቀነሰ ከሄደበት ዘመን ጋር ስለ ገጠመ ድርጅቱ ከ2012 ጀምሮ መክፈሉን አቆመ፤ ዕዳው ግን በወረቀት ላይ ማደጉን አላቆመም። በኤፕሪል 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት የማሻሻያ ሕግ ወደ 57 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነውን ውዝፍ ሰረዘ። ስረዛው ግን ያለ ምላሽ አልመጣም፤ የፖስታ ሠራተኞች ከቀሩት የፌዴራል ሠራተኞች ተነጥለው የራሳቸው የመድን ፕሮግራም ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ፤ ፕሮግራሙም ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ሥራ ጀመረ። የዚያ ዓመት ምርጫ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ያልመረጠ ሰው ከያዘው ፕላን ጋር ተመሳሳይ ወደሆነው የፖስታ ፕላን በራሱ በሥርዓቱ እንዲዛወር ስለ ተደረገ፣ ታላቁን ለውጥ ብዙዎች ያለፉት ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

እያንዳንዱ ፕላን ጥቅሙንና ገደቡን የሚገልጽ፣ ከ100 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ያወጣል። በመጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ መነበብ ያለበት ከአምናው ምን እንደ ተለወጠ የሚዘረዝረው ሁለተኛው ክፍል ሲሆን፣ እርሱም ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። መጽሐፉ ካዘላቸው ማሳሰቢያዎች ደግሞ አንዱ፣ ማንም በቃል የሚናገረው ነገር በውስጡ የተጻፈውን ጥቅምም ሆነ ገደብ ሊለውጥ እንደማይችል ያስታውቃል። ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው የፖስታ ቤትን ብሬክ ሩም በሚገባ በሚያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በብሬክ ሩሙ ጠረጴዛ ላይ ከማይክሮዌቩ አጠገብ የፕላኖቹ ወረቀቶች ተከምረው ይታያሉ፤ የላይኛው የቡና ኩባያ ክብ ምልክት አርፎበታል፤ በጎኑ የመድን ድርጅቶች በጤና አውደ ርእይ ላይ ያደሏቸው እስክሪብቶዎችና ለጭንቀት ማስታገሻ የሚጨመቁ የጎማ ኳሶች አሉ። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንደኛው በቢጫ ማድመቂያ መስመር እያሰመረ፣ የሚስቱን መድኃኒት በየፕላኑ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ እየፈለገ፣ ዋጋውን በሠንጠረዥ የሚያሰፍር ጠንቃቃ ነው፤ ሁሉም ያደንቀዋል፣ ማንም ግን ሠንጠረዡን ለማየት አይጠይቀውም። ሁለተኛው ወጣቱ ነው፤ አለመታመም ዕቅዱ ስለሆነ ርካሹን ይይዛል፤ በአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚበዛው ሲሆን የሚመርጠው ሌላው የመረጠውን ነው። ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት መሥሪያ ቤትም ምክክሩ በአማርኛ ይቀጥላል፦

«ጋሼ፣ እርስዎ የትኛውን ነው የያዙት?»

«ብሉ ክሮስ።»

«ለምን ይሆን እሱን የመረጡት?»

«ሰው ሁሉ የያዘው ነዋ!»

ይህ መልስ የሚመስለውን ያህል ሞኝ አይደለም። ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ ከፌዴራል ሠራተኞች ፕላኖች ሁሉ ብዙ ተመዝጋቢ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው የያዘውን መድን የማይቀበል ሐኪም ማግኘትም ያስቸግራል። ጋሼ ግን ይህን አስልተው ሳይሆን በተቀጠሩበት ቀን ከአጠገባቸው የነበረው ሰው ያንን ሲሞላ አይተው ነው፤ ያም ሰው ከእርሱ በፊት የነበረውን አይቶ ሊሆን ይችላል።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን የአገራችን ብሂል ሊቃውንቱ በቁጥር አረጋግጠውታል። ዊልያም ሳሙኤልሰንና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1988 ባሳተሙት ጥናት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን የጤና መድን ምርጫ ሲመረምሩ፣ አዲስ የተቀጠሩት አዲስ የመጡትን ፕላኖች ሲይዙ የቆዩት ግን በያዙት ላይ እንደሚጸኑ አግኝተዋል። የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ካልቀየረ ፖስተኛው ባይቀይር አያስነቅፈውም።

የተለዋዋጭ ወጪ ሒሳብ ወይም በምህጻሩ «ኤፍኤስኤ» የተባለው ግን ከዚህ ጠባይ ጋር ጠበኛ ነው። ይህ ሠራተኛው ከግብር በፊት ከደመወዙ ለሕክምና ወጪ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ሲሆን በ2025 እስከ 3,300 ዶላር ይደርስ ነበር። መድኑ ዝም ባሉት ቁጥር በየዓመቱ ራሱን ሲያድስ፣ ኤፍኤስኤው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ካልተሞላ ይቋረጣል፤ ከ2025ቱ ሳይነካ ከተረፈውም ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገረው ከ660 ዶላር አይበልጥም ነበር። በዚህ ምክንያት በዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት ዓይናቸው የሚያይ ሰዎች ሁለተኛ መነጽር ሲያሠሩ ይታያል።

አማራጭ ማብዛት ሰውን ብልህ ያደርገዋል የሚለውም እምነት ፈተና ገጥሞታል። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ፕላናቸውን ራሳቸው እንዲያዋቅሩ ሲፈቅድላቸው አብዛኞቹ ዝቅተኛ ዲዳክቲብል ለማግኘት ሲሉ ዲዳክቲብሉ ከሚቀንስላቸው ገንዘብ የበለጠ ተጨማሪ ፕሪሚየም መክፈላቸውን አሳይቷል። ይህ ማለት ቢታመሙም ባይታመሙም የሚከስሩበትን መርጠዋል ማለት ነው፤ ስሕተቱም ደመወዛቸው አነስተኛ በሆነው ላይ ይበረታል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚለው ተረት ስለ መድን የተነገረ ባይሆንም እዚህ ቦታ አላጣም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በገበያተኛዋ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ዲዳክቲብልን የሚፈራ ሰው የሚፈራው በአንድ ቀን የሚመጣውን ትልቅ ሒሳብ ሲሆን፣ ፕሪሚየሙ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ሲወስድበት ግን አይሰማውም። እንቅልፍ የሚነሳው የትኛው እንደሆነ ሠንጠረዥ አይናገርም።

የ2022ቱ የፖስታ ማሻሻያ ሕግ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው የአረጋውያኑን ኑሮ ነው። ሜዲኬር በ1965 የተቋቋመው፣ በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን የሚያክመው የመንግሥት መድን ሲሆን፣ ከክፍሎቹ «ፓርት ቢ» የሚባለው የሐኪም ቤት ጉብኝትንና ተኝቶ የማይሰጥ ሕክምናን ይሸፍናል፤ መደበኛ ወርኃዊ ክፍያውም በ2025 185 ዶላር ነበር። ቀድሞ የፖስታ ጡረተኛ ይህን መውሰድም መተውም ይችል ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በኋላ ጡረታ የሚወጣና ለሜዲኬር የደረሰ ሰው የፖስታውን መድን ይዞ ለመቀጠል ፓርት ቢን መግባት ግዴታው ነው። በዚያች ዕለት በሥራ ላይ ያሉና 64 ዓመት የሞላቸው ነጻ ሲወጡ ገና ያልሞላቸው ግን ግዴታው ውስጥ ወደቁ፤ በአንድ ቀን ተቀጥረው በአንድ መንገድ ሲያድሉ ከኖሩ ሁለት ባልደረቦች አንዱ በጥቂት ሳምንታት ልደት ምክንያት ዕድሜ ልኩን ይከፍላል። ወጣት ሆኖ መገኘት የሚያስከፍልበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

ከግዴታው ነጻ ከሚሆኑት መካከል ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ የሚኖሩ ይገኙበታል፤ ሜዲኬር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልምና። ጡረታውን አዲስ አበባ ሄዶ ለመኖር ያሰበ አበሻ ፖስተኛ ይህን አንቀጽ ሲሰማ ፊቱ ይበራል። ነገር ግን ነጻ የሚያወጣው ማሰቡ ሳይሆን እዚያ መኖሩን ማስረዳቱ ነው፤ ክረምቱን ሜሪላንድ ልጆቹ ዘንድ፣ በጋውን ቦሌ የሚያሳልፍ ሰው የት እንደሚኖር ዘመዶቹም በእርግጠኝነት አያውቁም።

የፖስተኛ መለያ የሆነው ጉዳት ደግሞ ከእነዚህ ፕላኖች በአንዱም ውስጥ አይገኝም። የፖስታ አገልግሎቱ ራሱ እንዳስታወቀው በ2024 ከ6,000 በላይ ሠራተኞቹ ላይ የውሻ ጥቃት ደርሷል፤ ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በመሆኑ ሕክምናውን የሚከፍለው በኦፕን ሲዝን ያን ያህል የተጨነቁበት መድን ሳይሆን በ1916 የወጣው የፌዴራል ሠራተኞች ካሳ ሕግ ነው። የተነከሰው ሰው ሲኤ-1 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ በ30 ቀን ውስጥ ለአለቃው ካቀረበ ሥራ መሥራት ባይችል እንኳ ደመወዙ እስከ 45 ቀን ሊቀጥል ይችላል። ያው የ2006ቱ ሕግ ግን እዚህም አልቀረም፤ ለፖስታ ሠራተኞች ብቻ ለይቶ፣ ጉዳቱ ከ14 ቀን በላይ ካላስቀመጠ ወይም ዘላቂ ካልሆነ በስተቀር፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ያለዚህ ክፍያ እንዲያሳልፉ ደንግጓል። እናም በኖቬምበር መጨረሻ የተነከሰ ፖስተኛ እነዚያን 3 ቀናት ከራሱ የዕረፍት ፈቃድ ላይ እያስቆረጠ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከ100 ገጽ በላይ የሆነውን የመድን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ጊዜ የሚያገኘውም ያኔ ነው።